የኖራ ግድግዳ

ኑካካ ፊልሙን መብራት ላይ ለጠፈችው፤ ውጭ በረዶ ይጥላል፤
የታሲላቅ ውሻ ሁሉ በወደቡ በኩል ያላዝናል።
የካሌራቅ ደረት ይኸው፣ ጎድኑ እንደ ጀልባ አጽም፤
ከቀኙ ሳንባ ራስ ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር፣ ዝም።
ኖራ ናት፤ ስልሳ ዓመት የቆመች፣ ግንበኛ ያልገነባት፤
እሱ ሲያድን፣ እሱ ሲተኛ፣ ደሙ በጨለማ የለሰናት።
ዛሬ ግን ጠርዟ ደብዝዟል፤ ከሥሯ ጭጋግ ይወጣል፤
ጭጋግ ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል።

ሰባት ዓመቱ ነበር ያኔ፤ ሐኪም የጫነች መርከብ መጣች፤
የሚያስሉትን ልጆች ለቅማ ወደ ዴንማርክ ወሰደች።
እናቱ የአቆስጣ ቁርበት ጫማ እንጂ ቃል አልሰጠችውም፤
በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ የእሷን ቋንቋ አያውቅም።
«ድኗል» አሉ።
እንዳሉትም ነበር፤ በከፊል።

ባክቴሪያው በር ሰብሮ አልገባም፤ ተጎርሶ ነው የገባው፤
ሊበላው የተላከ ዘብ በገዛ አፉ አሳደረው።
ሰም ይለብሳል፤ እውነተኛ ሰም፣ ተምሳሌት አይደለም፤
ቅኔ አዋቂ ቢፈታውም፣ ከሥሩ ወርቅ የለም፤
ትዕግሥት ነው ያለው።
ዘቡ የጎረሰውን ቋጥሮ ወደ አሲዱ ጉድጓድ ሲወስድ፣
ከቋጠሮው ውስጥ የሆነ እጅ ያስቆመዋል፣ ከመንገድ።
ፀረ እንግዳ አካላት በደም ጎዳና ይመላለሳሉ፤
ጓዳ የገባውን ሌባ አደባባይ ይፈልጋሉ።

የተወረረው ቤት ግን አፉ ቢታፈን እጁ አልታሰረም፤
ከሌባው ልብስ ቀዶ በመስኮት አንጠለጠለ፤ አልጮኸም።
ቲ ሴሉ ሲያልፍ ጨርቁን አየ፤ ለየው፤ በሩን አልሰበረም፤
«ንቃ!» አለ ብቻ። ኢንተርፌሮን ይሉታል ያንን ጥሪ፤
ያ ደንዛዛ ዘብ ነቃ፣ ሆነ በገዛ ሆዱ እሳት ጫሪ፤
ብረቱን ነፈገው፤ አሲዱን ለቀቀበት።
ብዙው ሞተ። ያልሞተውን ከበቡት፣ ዘብ ከዘብ ተቃቅፎ፣
መሐሉ እንደ አይብ ተፈርፍሮ፣ ዳሩ በኖራ ተደግፎ።
ድል አይባልም።
ሽንፈትም አይባል።

ስልሳ ዓመት! ካሌራቅ አገባ፣ ድብ ገደለ፣ ሚስት ቀበረ፤
አንዴ በተገመሰ በረዶ ላይ ሁለት ሌሊት ተንሳፍፎ አደረ።
ግን ግንብ አንዴ ቆሞ አይቀርም፤ በየቀኑ ይለሰናል፤
«አለህ?» «አለሁ» የሚል ቃል ከዘብ ወደ ዘብ ያልፋል።

አምና በብርዱ ጣቶቹ አበጡ፤ የውሻ ማሰሪያ መፍታት አቃተው፤
የዘቦች የሐሰት ጩኸት ነበር መገጣጠሚያውን ያቃጠለው።
ኑክ ወስደው መርፌ ወጉት፣ ጩኸቱን ዝም የሚያሰኝ።
«በልጅነትህ ሳንባህን ታመህ ነበር?» አሉት፣ በዴንማርክኛ፤
በዚያ ቋንቋ ከሰባት ዓመቱ የሚያውቀው መልስ «ደህና ነኝ»።
የልጅነቱ ፊልም ከባሕር ማዶ፣ የሆነ ምድር ቤት ውስጥ ቀርቷል።
ጣቶቹ ተፈቱ። ደስ አለው። ጩኸቱ ከእጁ ሲጠፋ
ሳንባው ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ የምትዞረዋ ቃልም ጠፋች፤
«አለህ?»
መልስ የለም።

ጠዋት ኑካካ ነገረችው፣ በእናቱ ቋንቋ። ዝም ብሎ ሰማ፤
«ታዲያ» አለ፣ «ስልሳ ዓመት ብቻዬን አልነበርኩማ!»

መርፌው ቆመ። አራት ዓይነት ክኒን፣ ኋላ ሁለት፣ ስድስት ወር።
በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ጀርባ፣ ንፋስ ተከልሎ ሲሸና፣
በረዶው ብርቱካንማ ሆነ፤ የመድኃኒቱ ነው ቀለሙ፤
ውሾቹ ቀርበው አሸተቱ፣ ጆሯቸውን አጥፈው ቆሙ።
ካሌራቅ ሳቀ። ሳቁን ሳል ቀማው። ቀበቶውን አጠበቀና
ወደ እነሱ ሄደ፤ ማሰሪያቸውን ይፈታ ጀመር፤
ጣቶቹ እንደገና እያበጡ ነበር።